ደስታው የዘገየበት ጠጋኝ

ኦቨኑ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። አርባ ትናንሽ ኬኮች ገና መነፋት ሳይጀምሩ ውስጡ ቁጭ እንዳሉ ቀዘቀዘ። ኬክ ጋጋሪዋ በሩን ከፍታ ብታይ ሁሉም እንደ እርጥብ ጭቃ ተኝተዋል።

«እትዬ! ጉድ ፈላ!»

ታላቅ እህቷ ከፊት ለፊቱ መሸጫ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ጠራች።

እህትማማቾቹ ሁለት ብቻ ናቸው። እናታቸው ስትሞት ታናሿ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሙያ ያስያዘቻት። ታናሿ ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ እትዬ ግን አሁንም «ሚጡ» ነው የምትላት። ደንበኛ ፊትም ቢሆን!

ጠጋኙ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ረጅም፣ ከሲታ፣ የመሣሪያ ቦርሳ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሚጡ በሩን ልትከፍትለት ስትሮጥ፣ እሱም ሊገፋው ጎንበስ ሲል፣ ግንባር ለግንባር ተላተሙ።

«ውይ!»

«ይቅርታ... የኔ ጥፋት ነው።»

ግንባሯን ይዛ ቀና ስትል ዓይኑን አየችው። ትልልቅ፣ የሚያምሩ ዓይኖች ናቸው። ግን ሰው የለቀቀው ቤት መስኮት ይመስላሉ።

ሰውየው ብዙ አያወራም። ካቻቢቴውን አወጣ፣ የኦቨኑን ጀርባ ፈታ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ቀየረ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ሚጡም ከዳነው ኦቨን የወጣውን የመጀመሪያ የብርቱካን ኬክ በሰሃን አቀረበችለት። በዚያ ሰፈር የሚጡን የብርቱካን ኬክ ቀምሶ ዓይኑን ያልጨፈነ ሰው የለም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዲያውም አንዴ ቀምሰው «ልጄ፣ ባለቤቴን ያገባሁበትን ቀን አስታወስሽኝ» ብለው አልቅሰዋል።

ጠጋኙ ቆረሰ። አኘከ። ሥራ ታዞ እንደሚሠራ ሰው በትዕግሥት አኘከና ዋጠ።

«እንዴት ነው?» አለች ሚጡ።

አሰበ። ከልቡ አሰበ።

«ደህና ነው።»

«ደህና?!»

«አዎ... በስሏል።»

እትዬ ሳቋን ለመደበቅ ዘወር አለች። ሚጡ ግን ደሟ ፈላ። በስሏል! ድንችም ይበስላል እኮ!

የፍቅራቸው መጀመሪያ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እልህ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ጠጋኙ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ኦቨኑ በደንብ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለ። አየ። ይሠራል። ሚጡ የሎሚ ኬክ ሰጠችው። «ደህና ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሊገዛ መጣ። የቸኮሌት ሰጠችው። «ደህና ነው።» የቀረፋ፣ የሙዝ፣ የማር... ሁሉም ደህና ነው! በሦስተኛው ሳምንት ሚጡ መናደዷን ትታ መሳቅ ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን የት ነው የጣልከው?»

«እኔም እየፈለግኩት ነው» አለ፤ ሳይስቅ።

እንዲያ እያለ ጠዋት መምጣቱ ልማድ ሆነ። ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም። የሚንጫጫውን የጓዳ በር ዘይት ቀባው። የእንቁላል መምቻ ማሽኑን ፈትቶ ገጠመው። ሚጡ አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ስታቃስት ሰማት፤ ከዚያ ወዲህ የዱቄት ጆንያ ተሸክማ አታውቅም። አንዴ የነገረችውን አይረሳም። የእናቷን የሙት ዓመት ቀን እንኳ ሳታስታውሰው አስታውሶ «ዛሬ ከባድ ቀን ነው አይደል?» አላት።

አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ሲዘጋ አብረው በእግራቸው ይሄዳሉ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። ጥሩ አድርጎ የሚሰማ ወንድ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ሚጡ ሳታውቀው ወደቀች።

እትዬ ግን ዓይኗን ከሰውየው ላይ አልነቀለችም።

«ሚጡ፣ ይሄ ሰው ሲስቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ዝምተኛ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

«ዝምተኛም ይስቃል።»

ነገሩ ሚጡን ከነከናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ድፍረቷን ሰብስባ ጠየቀችው።

«ከእኔ ጋር ስትሆን... ደስ ይልሃል?»

ወንበሩ ላይ የረገፈ ቅጠል አነሣ።

«አላውቅም» አለ።

«አላውቅም ማለት?»

«ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«ደስ ሳይልህ ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

አንገቱን ደፋ። «መምጣት ስለምፈልግ» አለ። ሚጡ ቦርሳዋን አንስታ ብቻዋን ሄደች። መንገዱን ሙሉ እንባዋን ስትጠርግ፣ ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ እስከ ቤቷ በር ድረስ ሲሸኛት አላየችውም።

ግን ፍቅር ሞኝ ነው። በማግሥቱ ሲመጣ ይቅር አለችው። እንዲያውም አዲስ ሐሳብ መጣላት። የልደቷ ቀን ደርሷል። ቀላል ጣዕም ካልደረሰው ኃይለኛ ጣዕም ይደርሰዋል! ጥቁር ቸኮሌት ኬክ ጋገረች። ሩም በሚባል ጠንካራ መጠጥ አራሰችው፤ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ በማንኪያ እያጠጣች።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ፣ እትዬና ጥቂት ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ጠጋኙ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሚጡ የመጀመሪያውን ቁራጭ ቆርሳ በሁሉም ፊት ለእሱ ሰጠችው።

ሰሃኑን ተቀብሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ድንገት ቆመ።

«ምን... ምን አለበት?»

«ቅመሰው እንጂ! ሩም ነው። ለአንተ ብዬ ነው የሠራሁት!»

ሹካው ሰሃኑ ላይ ተንቀጫቀጨ። ግንባሩ በላብ ራሰ። ሚጡም ቀና ብላ ስታየው፣ በዚያ ባዶ ዓይን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት በርቶ አየች። ግን ደስ የሚል መብራት አልነበረም። ሳምንት ሙሉ እህል ያልቀመሰ ሰው ዓይን ነበር።

ሰሃኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይናገር በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰሃኑ ተንሸራቶ ወደቀና ተሰበረ። ጎረቤቶቹ ጫማ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ሚጡ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ተመኘች።

አራት ቀን ድምፁ ጠፋ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መጣ። ፊቱ አባብጧል፤ ከንፈሩ ደርቋል። በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አለች ሚጡ።

«አልገባም። እዚሁ ሆኜ ልንገርሽ።»

«ምኑን?»

«ጠጪ ነኝ።»

ሚጡ እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ ጨበጠችው።

«ዘጠኝ ዓመት ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በኋላ በየቀኑ፣ መጨረሻ ላይ ገና ቁርስ ሳልቀምስ። ያገኘሁሽ ጊዜ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። እሁድ ዕለት አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሞልቶኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሁለት ቀን።»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ... በገዛ እጄ...»

«አይደለሽም!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንቺ ኬክ ነው የሰጠሽኝ። ወደ መጠጥ ቤት የሄደው የእኔ እግር ነው። ኬኩንማ አልቀመስኩትም... ሽታው ብቻ በቃኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እንዴት ስንት ወር ሙሉ አንዲት ቃል...»

«ሰፈሬ ውስጥ ስም የለኝም። ካቆምኩ በኋላም ሰካራሙ ነው የሚሉኝ። እዚህ ቤት ግን ጠጋኙ ተባልኩ።» የበሩን እጀታ ዳሰሰ። «ያቺን ስም ማጣት ፈራሁ።»

እትዬ ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። እንደ ነብር ወጣች።

«ሂድ!»

«እትዬ...» አለች ሚጡ።

«ሂድ አልኩ! እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

ጠጋኙ አልተከራከረም። እጅ ነሥቶ ሄደ።

እትዬ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እሷም በጊዜዋ አግብታ ነበር፤ ሰባት ዓመት ከጠጪ ጋር። ስለዚያ ቤት አውርታ አታውቅም። ያን ቀን ግን አወራች።

«ሲምል እኮ ያምር ነበር፣ ሚጡ። በእናቱ ይምላል። በእኔ ይምላል። ከአፉ ሽታው እየወጣ 'አልቀመስኩም' ይለኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ በይኝ፤ ግድ የለኝም። አንቺን ለዚያ ኑሮ አላሳደግኩሽም!»

ሚጡ እህቷን አቅፋ አለቀሰች።

ሳምንት አለፈ። ሚጡ ሥራ ላይ ናት ግን የለችም። ሥጋዋ ያቦካል፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጠዋት እትዬ ከመደርደሪያው አንድ የብርቱካን ኬክ አንስታ ጎረሰችና ወዲያው ተፋችው።

«ሚጡ! ስኳሩን የት አደረግሽው?»

«ገብቷል እኮ...»

«ጨው ነው የገባው! አርባውም ውስጥ!»

ሚጡ ኬኩን ቀመሰች። ከዚያ ዱቄቱ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እትዬ ቆማ አየቻት። ብዙ ቆማ አየቻት። በመጨረሻ ሽርጧን ከኋላዋ ፈታችላት።

«በይ ሂጂ» አለቻት ቀስ ብላ። «ሄደሽ የምትሰሚውን ስሚ። ደንበኛ ከመጨረስሽ በፊት።»

የጠጋኙ ሱቅ ጠባብ ናት። በር የሌላቸው ፍሪጆች፣ ሞተር የሌላቸው ማጠቢያዎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ ሞተር ይፈታ ነበር። ሲያያት ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ።

«ዘጠኝ ቀን» አለ፤ ሳትጠይቀው።

«ስንት እንደሆነ ልጠይቅህ አልመጣሁም። እንዲገባኝ ብዬ ነው። የእኔ ኬክ ምንም አይመስልህም። እኔም ምንም አልመስልህም። የዚያ ነገር ሽታ ግን... ዓይንህን አይቼዋለሁ!»

ካቻቢቴውን ከመሬት አነሣ። «እኔ ማስረዳት አልችልበትም» አለ። «ነገ ከመጠጥ እንድላቀቅ የሚረዱኝ ዶክተር ጋ ቀጠሮ አለኝ። አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው በየኪሳቸው የሚፈልጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ጠጋኙ «ሁሉንም ንገሩልኝ፤ ፈቅጃለሁ» አላቸው። ወደ ሚጡ ዞሩ።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ፣ ልጄ?»

«ኬክ እጋግራለሁ።»

«እንግዲያው ይገባሻል። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ። ጥሩ ነገር ሲገጥመን ይረጫል። ያንቺን ኬክ የቀመሰ ሰው፣ የሚወደው ሰው በር ሲያንኳኳ የሰማ ሰው፣ ጠብ ጠብ ይልለታል። አንጎልም 'ይሄን ያዝ፤ ነገም ድገመው' ይላል። ተፈጥሮ የሠራችው ለዚህ ነው፤ እንድንበላ፣ እንድንዋደድ።»

«እሺ...»

«መጠጥ ሲመጣ ያንን ጠብታ ያጎርፈዋል። ሰው መጀመሪያ ላይ ገነት የገባ ይመስለዋል። አንጎል ግን ሞኝ አይደለም። ጎርፉ በየቀኑ ሲመጣበት ራሱን ይከላከላል። የሚቀበሉትን በሮች አንድ በአንድ ይዘጋጋል፤ የራሱንም ምርት ይቀንሳል። ያኔ ሰውየው የሚጠጣው ለደስታ መሆኑ ይቀራል። እንደ ሰው ለመቆም ብቻ ይጠጣል።»

«ሲያቆምስ?»

«ሲያቆም ጎርፉ ይቆማል፤ በሮቹ ግን እንደተዘጉ ናቸው። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ሹክሹክታ ይሰማል? አይሰማም። ኬክ፣ ሙዚቃ፣ ሳቅ፣ የሰው እጅ... ሁሉም ሹክሹክታ ይሆንበታል።»

ሚጡ ወደ ጠጋኙ ዞረች። መሬት መሬት ያያል።

«ሩሙስ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሳይቀምሰው?»

«አንጎል ሽታውን አይረሳም። ሽታው ብቻ 'መጣ! መጣ!' ብሎ ሁሉን ነገር ይቀሰቅሳል። ያን ጊዜ ሰው ፈቃዱ ደካማ ስለሆነ አይደለም የሚንቀጠቀጠው። እየጎተተው ያለው የገዛ አንጎሉ ነው። መሄድ አለመሄዱ ግን የእሱ ኃላፊነት ነው፤ እሱን አላነሣለትም።»

«አይነሣልኝም» አለ ጠጋኙ።

ሚጡ ሲያንቃት የከረመውን ጥያቄ አወጣችው።

«ይመለሳል? ደስታው?»

«ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል። በወራት ነው፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆይበታል። ቀኑን ቆርጬ ብነግርሽ ዋሸሁ። ካልጠጣ በሮቹ ቀስ እያሉ ይከፈታሉ።»

«እስከዚያ ድረስ... አይወደኝም ማለት ነው?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን በመጨረሻ ግንባራቸው ላይ አገኙት። ዓይናቸው ላይ አድርገው አይዋት።

«እሱን እኔ አልመልስልሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብዙ ሰው የሚመላለሰው ደስታውን ፍለጋ ነው። ይሄ ሰው ደስታ ሳያገኝ በየማለዳው አንቺ ደጅ የሚቆመው ምን ፍለጋ ነው?»

ሚጡ እንባዋ ቀደማት።

«ሌላም ልንገርሽ» አሉ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው። «አንቺ መድኃኒቱ አይደለሽም። ጠባቂውም አይደለሽም። ቢወድቅ አንቺ አልጣልሽውም፤ ቢነሣም የተነሣው እሱ ነው። ይሄን ካልያዝሽ አብራችሁ ትሰጥማላችሁ።»

ከሕክምና ቤቱ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ጸሐይዋ ሞቅ ብላለች።

«ስሚኝ» አለ ጠጋኙ። «ደስታ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ። ግን ጠዋት ስነሣ እግሬ ማንም ሳያዘው የሚሄደው ወደ አንቺ ነው። ስሙን አላውቀውም። ፍቅር ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሚጡ እጁን ያዘችው። ቀዝቃዛ፣ ሻካራ እጅ ነበር።

«መውደቅና መዋሸት ለየብቻ ናቸው» አለችው። «ብትወድቅ ንገረኝ፤ አብረን ወደዚህ እንመጣለን። አንድ ቀን ብትዋሸኝ ግን አበቃ። እህቴን ባሏ ሰባት ዓመት ዋሽቷታል። እኔ ግን ሰባት ቀን እንኳ የሚዋሸኝን አልታገሥም።»

«ይሁን።»

እትዬ ይህን የሰማችው ሊጥ እያሸች ነው። ሊጡን አዙራ መታችው። ገለበጠችው። እንደገና መታችው።

«ዶክተር ጋ በእግሩ ሄደ?»

«በእግሩ።»

«ማንም ሳይጎትተው?»

«ማንም።»

እትዬ ሊጡን ትታ ቆመች። «የእኔው አንድ ቀን እንኳ አልሄደም» አለች በዝግታ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሩሙን ጠርሙስ አወረደችና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቧንቧ ሥር ደፋችው። «ለኬኩም ቢሆን አይስማማውም!» አለች። «ይምጣ። ግን ዓይኔ እሱ ላይ ነው።»

መጣ። በየጠዋቱ መጣ። አንዳንድ ቀን ደህና ነው። አንዳንድ ቀን ፊቱ አመድ መስሎ «ዛሬ ከባድ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ሚጡ ምክር አትሰጥም፤ ወንፊት ትሰጠዋለች። አጠገቧ ቆሞ ዱቄት ይነፋል። ብርቱካን ይልጣል። የሰውነቱ መንቀጥቀጥ እስኪያልፍ ትከሻዋ ትከሻውን ነክቶ ይቆያል። እትዬም እያየች እንዳላየች ታልፋለች። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ሳትጠየቅ የራሷን ሽርጥ አውልቃ አስታጠቀችው። በአምስተኛው ወር የልብስ ማጠቢያዋን እንዲጠግንላት ቤቷ ላከችው፤ ቁልፉን ሰጥታ!

ስድስተኛው ወር ላይ ያ ቀን መጣ።

ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥ እኩለ ቀን ነበር። ሚጡና እትዬ ጓዳ ሆነው ክሬም ይመታሉ። የኋላው በር በኃይል ተበረገደ። ጠጋኙ ነው። ሮጦ ነው የመጣው፤ ያለከልካል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል።

«ጠጣሁ!» አለ።

እትዬ የያዘችው ትሪ ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ጮኸ።

«ምን አልክ?»

«ጠጣሁ፣ ሚጡዬ! ጠጣሁ!»

«ምን... ምን ጠጣህ?»

«ውሃ!»

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ትናንት የአንዲት አሮጊት ፍሪጅ ጠግኜ ነበር። ዛሬ መሥራቱን ለማየት ሄድኩ፤ አምስተኛ ፎቅ፣ በእግሬ! ስገባ 'ልጄ ሙቀቱ ገደለህ፣ አንተው የጠገንከው ፍሪጅ ያቀዘቀዘው ነው' ብለው ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። በጉሮሮዬ ወረደ... እና ደስ አለኝ!» ድምፁ ተሰበረ። «በቃ ደስ አለኝ! ውሃ እኮ ነው! ብርጭቆውን ይዤ አሮጊቷ ፊት አለቀስኩ። እሳቸው ደንግጠው ቀሪውን አናቴ ላይ አፈሰሱብኝ!»

ሚጡ ታልቅስ ትሳቅ ጠፋት። ክሬም የነካ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስምንት ወር!» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ ኬክ ጋገርኩልህ! የብርቱካን! የማር! የቀረፋ! ደስ ያለህ ግን... በውሃ?!»

ያኔ ጠጋኙ ሳቀ።

የማያምርበት ሳቅ ነው። ቀጭን፣ የሚያፏጭ፣ መሐሉ ላይ የሚቆራረጥ፣ ከዚያ ረጅም ሰውነት የሚወጣ የማይመስል ሳቅ። ሚጡ ግን ከዚያ የሚያምር ድምፅ ሰምታ አታውቅም። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሸሚዙ በክሬም ተለቀለቀ።

እትዬ ትሪዋን ከመሬት አነሣች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«እንግዲህ በውሃ የሚሰክር ወንድም መጣልኝ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ማር ሆነ ብል ዋሸሁ። ደስታው መጥቶ ይቆያል፤ ደግሞ ሳምንት ይጠፋል። ዶክተሯ «ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ አትደንግጡ» ብለዋቸዋል። ግን ሲመለስ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጨምሮ ይመለሳል። መጀመሪያ የሳሙና ሽታ ደስ አለው። ቀጥሎ ከጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣ ሙዚቃ። አንድ ቀን ደግሞ ሱቁ ደርሶ በሩ ላይ ቆመና ፈገግ አለ።

«ምነው?» አለች ሚጡ።

«ድምፅሽን ገና ከመንገድ ስሰማ ልቤ ዘለለች።»

«የኔ ድምፅ? ምን እያልኩ ነበር?»

«ዱቄት አቅራቢውን 'ሌባ' እያልሽ ትጮኺ ነበር።»

ሚጡ ቲማቲም መሰለች።

ወራት ወራትን ተኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ገበያ ወርደው ሠላሳ እንቁላል ገዙ። ጠጋኙ እንቁላሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደ፣ ድንገት መንገድ መሐል ቆመ።

«ዶክተሯ ከመጠጥ አንድ ዓመት እስክትርቅ ትልቅ ውሳኔ አትወስን ብለውኝ ነበር» አለ።

«እሺ?»

«ዛሬ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሆነኝ።»

«እና?»

«እና ትናንት እንዳልጠይቅሽ ቀኑን ሙሉ ምላሴን ነክሼ ነው የዋልኩት።»

ሰው ግራና ቀኝ እያለፈ ይገፋቸዋል።

«እንቁላሉን አስቀምጥና ጠይቀኝ።»

«ካስቀመጥኩት ድፍረቱ ይጠፋብኛል። እንዲሁ ልጠይቅሽ። ዛሬ አልጠጣም ብዬ ቃል መግባት እችላለሁ፤ የነገውን ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ። አልዋሽሽም። ዱቄት እሸከማለሁ። ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ!» ብላ ተወርውራ አቀፈችው። መሐላቸው የነበረው ነገር ተንቀጫቀጨ። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ታች አዩ።

«መቼ?» አለ፤ አስኳል ከደረቱ እየወረደ።

«በሚቀጥለው ወር። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ። ጭማቂና ውሃ ብቻ።»

«እኔ ውሃውን እመርጣለሁ» አለ ጠጋኙ፤ ያ የማያምር ሳቁ አመለጠው።

እትዬ ሱቅ በር ላይ ጠበቀቻቸው። እንቁላሉን ተቀብላ እንደ ልማዷ ቆጠረች።

«ሃያ ስድስት ነው። አራቱ የት ሄዱ?»

«ተሰበሩ» አለች ሚጡ።

«እንዴት ተሰበሩ?»

ሚጡ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጠጋኙ በእሷ ፈንታ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ... ጠይቄያት ነው። እሺ አለችኝ» አለ።

እትዬ አንዴ እህቷን፣ አንዴ በአስኳል የተለቀለቀውን ሰውዬ አየች። እንቁላሉን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ላይ አንገታቸውን አቅፋ ወደ ራሷ ጎተተቻቸው።

«አራት ብቻ?» አለች፤ እንባዋ እየወረደ። «እኔ ብሆን ሠላሳውንም እሰብረው ነበር!»